አለምበር ዳገት ላይ የመሸብን የገና ሰሞን

ወዳጆቼ፣ እንኳን ለጌታችን ለመድኃኒታችን ለኢየሱስ ክርስቶስ የልደት በዓል በሰላም አደረሳችሁ!

ይህን የምጽፍላችሁ ከጎንደር ነው። ኅዳር 15 የጀመርነው የነቢያት ጾም ዛሬ ሌሊት ቅዳሴ ሲያልቅ ይፈታል። ከየቤቱ የቁሌት ሽታ ይመጣል። ነጠላዎች ታጥበው ተሰጥተዋል። ስልኬም ከጠዋት ጀምሮ በመልካም ምኞት መልእክት ተጨናንቋል፤ ሁላችሁንም እግዜር ያክብርልኝ።

ሌላ ጊዜ ቢሆን ሁለት መስመር ጽፌ እሰናበታችሁ ነበር። ዘንድሮ ግን ትንሽ ላስረዝምባችሁ ነው። የበዓል ሰላምታችን ዘመድ ጋ፣ ጓደኛ ጋ፣ ጎረቤት ጋ ይደርሳል። ስማቸውን እንኳ በቅጡ ሳንይዝ በቸገረን ሰዓት የደረሱልን ሰዎች ጋ ግን አይደርስም። እኔ ዘንድሮ እነሱን እንኳን አደረሳችሁ ማለት እፈልጋለሁ።

ነገሩ ከጥቂት ዓመታት በፊት የሆነ ነው። መንገዱ ሰላም ነበር። ከሰንበት ትምህርት ቤታችን ጋር ለሐዋርያዊ ጉዞ ተነሣን። ለማታውቁት፣ ሐዋርያዊ ጉዞ ማለት መምህራንና መዘምራን ሆነን ወደ ገጠር አብያተ ክርስቲያናት የምንሄድበት ነው። ይሰበካል፣ ይዘመራል፣ ለደብሩ የጎደለው ይወሰዳል። የዚያ ዓመት መዳረሻችን ጋይንት ያለችው ቤተልሔም ነበረች።

ቤተልሔም የድጓ ማስመስከሪያ ናት። ድጓ የቅዱስ ያሬድ ዜማ ነው። ተማሪው በየአገሩ ዞሮ ዓመታት ከደከመ በኋላ ድጓውን የሚያስመሰክረው እዚያ ነው። በመቋሚያና በከበሮ ለሚቀርበው ለአቋቋም እዚሁ ጎንደር በዓታ እንዳለች፣ የቁርባንና የፍትሐት ዜማ ለሆነው ለዝማሬ መዋሥዕትም ዙር አባ እንዳለች ማለት ነው። በዓል በመጣ ቁጥር በማኅሌቱ ደስ የሚለን ሁሉ፣ ያ ዜማ ቁራሽ እየለመኑ፣ ጎጆ ውስጥ ብርድ እየጠጡ በሚማሩ ልጆች በኩል ወደ እኛ እንደሚደርስ ብናስበው ጥሩ ነው። የዚያ ዓመት ጭነታችንም ለእነሱ ነበር፦ ብርድ ልብስ፣ ሳሙና፣ ደብተር። ለቤተ ክርስቲያኑ ደግሞ ጧፍ፣ ዕጣንና ዘቢብ።

ገና ከመነሻው ነገሩ ተበላሸ። የተዋዋልነው ትልቅ አውቶቡስ ቀረ። ከብዙ ስልክ በኋላ በሌሊት የመጣልን አንድ ቅጥቅጥ ነው። የጉዞ ኮሚቴው ስም ይጠራል፣ ሰው ይገባል፣ ወንበር ያልቃል፣ ሰው ግን አላለቀም። ጭነቱ ፖርቶ መጋላ ላይ ወጥቶ በሸራ ታሰረ። ከበሮዎቹ ቆዳቸው እንዳይጎዳ ተብሎ ሰው ጭን ላይ ተቀመጡ። አዘዞ ስንደርስ ናፍጣ ለመቅዳት ተሰለፍን፤ ፀሐይ እዚያው ወጣችብን።

ማክሰኚትን፣ እንፍራዝን እንዲሁ አለፍናቸው። እንፍራዝ ላይ ልጆቹ በመስኮት አንገታቸውን አውጥተው ኮረብታው ላይ ያለውን የዐፄ ሠርፀ ድንግልን የጉዛራ ግንብ ፈለጉ። በሌላ ቀን ቢሆን ወርደን እናየው ነበር። ጎንደር ከመቆርቆሯ በፊት የተሠራ ግንብ ነው፤ ወደዚያ የምታልፉ ሰዎች እባካችሁ ሳታዩት አትለፉ።

አዲስ ዘመን ልንገባ ትንሽ ሲቀረን ጎማ ፈነዳ። ረዳቱ ስኮርታውን ሲያወርድ እሱም ነፋስ የለውም። ልጅ ነው፤ ገና ጢም እንኳ አላበቀለም። አንድ ቃል ሳይተነፍስ ክሪኩን ይዞ ከመኪናው ሥር ገባ። መሬቱ ትቢያ ስለሆነ ክሪኩ ይሰምጣል። ጠፍጣፋ ድንጋይ ፈልጎ ሥሩ አደረገበት፤ ድንጋዩ ተሰነጠቀ። ሌላ ፈለገ። ላቡ ከትቢያው ጋር ፊቱ ላይ ጭቃ ሆኗል። ጎማውን ፈትቶ በሰው ሞተር ሳይክል ላይ አቅፎ ወደ ጎሚስታ ሄደ። እኛ ጥላ ፍለጋ ግራር ሥር ተቀምጠን እየዘመርን ጠበቅነው። ተመልሶ እስኪገጥመው ድረስ ጠብታ ውሃ አልቀመሰም፤ ስንሰጠው “ዘጠኝ ሰዓት አልሞላም፤ እጾማለሁ” አለ። የዚያን ልጅ ፊት አልረሳውም።

የርብን ወንዝ ተሻግረን ፎገራ ሜዳ ገባን። ሩዙ ታጭዶ ተከምሯል። ወረታ ላይ ደግሞ ትራፊክ አስቆመን፤ ትርፍ ጭናችኋል ተባልን። እውነት ነው፣ ትርፍ ነበር። ሌላ መኪና እንዳንይዝ ደግሞ ጊዜው የገና ሰሞን ነው። ከወረታ በደብረ ታቦር፣ በጉና ተራራ ሥርና በጋይንት አልፎ ወልድያ የሚወጣው መንገድ የላሊበላም መንገድ ነው። ያገኘነው መኪና ሁሉ ልደትን ላሊበላ ለማክበር በሚሄዱ ምእመናን ጢም ብሏል። በእግራቸው የሚሄዱም ነበሩ፤ መቋሚያቸውን ትከሻቸው ላይ ጥለው፣ በሶአቸውን በስልቻ ቋጥረው፣ እየዘመሩ ያልፉናል። ከብዙ ልመና በኋላ አንድ ሚኒባስ ግማሻችንን ይዞ ቀደመ። ስንቁም ሳይታሰብ ከእነሱ ጋር ሄደ። ብዙ ሳይቆይ ኔትወርክ ጠፋ። በቃ፣ ማን የት እንዳለ አይታወቅም።

ከወረታ በኋላ ዳገት ነው። አለምበር የምትባለውን ከተማ እንዳለፍን የሚቃጠል ነገር ሸተተን። ሹፌሩ ዳር ይዞ አቆመ፣ ረዳቱ ጎማው ሥር ድንጋይ ደገፈ። ፍሪሲዮን ሄዷል። ፀሐይ እየጠለቀች ነው። የደጋው የታኅሣሥ ብርድ ምን እንደሚመስል የምታውቁት ታውቁታላችሁ። ሹፌሩ ጋቢውን ደርቦ “እኔ ከመኪናው ጋር አድራለሁ፣ አደራውንም እጠብቃለሁ፤ እናንተ ሳይጨልም መንደር ፈልጉ” አለን።

መንደር ፍለጋ ሩቅ አልሄድንም። ከመንገዱ በላይ አውድማ ላይ በሬ እያበራዩ የነበሩ ሰዎች ወርደው መጡ። “ምን ሆናችሁ ልጆች?” አሉን። መምህራችን ጎንበስ ብለው “መሸብን፤ የእግዜር እንግዳ ነን” አሉ። ከሰዎቹ በዕድሜ የገፉት ነገሩን አላስጨረሷቸውም። “ቤት ለእንግዳ! ግቡ እንጅ፣ ብርዱ ሊገድላችሁ ነው” አሉ። ከየት ወደ የት ነው ሳይሉ፣ ስንት ናችሁ ብለው ሳይቆጥሩ፣ ለየቤቱ አከፋፈሉን።

እኔና ሁለት እኅቶች የደረስነው አንዲት እናት ቤት ነው። እመይቴ እያልን ነው የጠራናቸው። መደብ ላይ ቁርበት አንጥፈው አስቀመጡን። ምራታቸው በሳፋ ለብ ያለ ውሃ ይዛ መጣችና እግሬን ያዘች። ተሽኮርምሜ ሰበሰብኩት። እመይቴ ከእሳቱ ዳር ሆነው “ተዋት ልጄ፣ የመንገድ እግር ነው” አሉኝ። ምራታቸው ተረከዜን በአውራ ጣቷ እየጨመቀች፣ በጣቶቼ መካከል የገባውን ትቢያ አንድ በአንድ አወጣችው። እጇ ሻካራ ነበር፤ ቀኑን ሙሉ ነዶ የተሸከመ እጅ ነው። ከዚያ እንጀራ በተልባ ቀረበ፣ የባቄላ ንፍሮም ተጨመረ። እንደዚያ የጣመኝ ራት የለም።

ማታ መንደሩ አውድማው ዳር ተሰበሰበ። ከመዝሙራችን በፊት መምህራችን አጠር አድርገው ስለ ልደት ተናገሩ። ዮሴፍና እመቤታችንም ለቆጠራ ተብሎ ከናዝሬት እስከ ቤተልሔም ረጅም መንገድ ሄደው ማደሪያ አጡ። እኛ ደግሞ ወደ ቤተልሔም ስንሄድ፣ ሳንደርስ፣ ማደሪያ ተሰጠን። ከዚያ በላይ ብዙ አላሉም፤ ድምፃቸውም ተያዘ። ልጆቹ ሲዘምሩ አንድ አዛውንት ገበሬ “እስኪ አምጡት” ብለው ከበሮውን ተቀበሉ። ከሁላችንም አሳምረው መቱት። እልልታው ቀለጠ። በመካከል ነፋስ ተነሣ፤ ወንዶቹ “ነፋሱ መጣ፣ እህሉ ይዘራ” ብለው መንሻቸውን አንሥተው ወደ ሥራቸው ተመለሱ። ገበሬ ነፋስ አያሳልፍም።

ሲነጋ አንድ ነገር ሰማሁ። የእመይቴ ቤት ልጆች ሌሊቱን ያደሩት ጎረቤት ነው። እኔ የለበስኩት ጋቢ የራሳቸው የእመይቴ ነበር፤ እሳቸው እሳቱ ዳር ተኮራምተው ነው ያደሩት። ይህን የነገረችኝ ትንሿ የልጅ ልጃቸው ናት። ገንዘብ አዋጥተን ልንሰጣቸው ብንል ፊታቸው ተለወጠ። “የእግዜር እንግዳ ይከፍላል እንዴ?” አሉ። ብዙ ለምነናቸው አንድ ነገር ብቻ አዘዙን። የክርስትና ስማቸውን ነግረውን “ቤተልሔም ስትደርሱ አንድ ጧፍ አብሩልኝ” አሉ።

ረፋድ ላይ ደብረ ታቦር ያደሩት ጓደኞቻችን ሌላ መኪና ይዘው መጡ። ቤተልሔም ደረስን። ልጆቹ ለምዳቸውን ለብሰው፣ ፀሐይ ላይ ክብ ሠርተው ዜማ ይቀጽሉ፣ ማለትም ያጠኑ ነበር። ብርድ ልብሱ ታደለ፣ ጉባኤውም ተካሄደ። የእመይቴም ጧፍ በስማቸው በራ።

ከዚያ ወዲህ ያ አገር ብዙ አሳልፏል። በ2013 ዓ.ም. መጨረሻ ጦርነቱ ጋይንትን አልፎ እስከ ጉና ሥር ደርሶ ነበር። ከዚያም በኋላ ሰላም አልሰነበተም፤ መንገዱን እንደ ድሮው በሌሊት ተነሥቶ መሄድ ቀርቷል። ስለ ግጭት በሰማሁ ቁጥር የማስበው ያንን አውድማ ነው። እመይቴ አሉ ወይ? የልጅ ልጃቸው ትምህርቷን ቀጠለች ወይ? ያ ረዳት ልጅ ዛሬ ሹፌር ሆኖ ይሆን? ጎጆ ውስጥ ያሉት ተማሪዎች ዘንድሮ ማን ብርድ ልብስ አደረሰላቸው? እዚህ ከተማችንም ውስጥ እንደ እነሱ የቤተ ክርስቲያን ትምህርት የሚማሩ የአብነት ተማሪዎች አሉ፤ ነገ ገበታው ሲቀርብ አንድ ሁለቱን ጥሩልኝ። ከቀያቸው ተፈናቅለው በዓሉን በሰው ቤትና በመጠለያ የሚውሉትንም እንዲሁ። ያልጠራነው እንግዳ ሊሆኑብን አይገባም።

የፎገራና የፋርጣ ልጆች ደግሞ አንድ አደራ አለብኝ። ለበዓል አገር ቤት የገባችሁ ወይም ደውላችሁ ቤተሰብ የምታገኙ፣ ከአለምበር በላይ መንገድ ዳር አውድማ ያለው መንደር ካወቃችሁ፣ ሰላምታዬን አድርሱልኝ። “ከጎንደር ወደ ቤተልሔም ሲሄዱ የመሸባቸው የሰንበት ትምህርት ቤት ልጆች እንኳን አደረሳችሁ ብለዋል” በሏቸው። ጧፉም እንደበራ ንገሯቸው።

መልካም የልደት በዓል ይሁንላችሁ።