የማይሰን ሃርለኪን ሲመረመር ሰይፎቹ መጨረሻ ይታዩ

ማይሰን የተባለው የጀርመን የሸክላ ፋብሪካ የሠራው ምስል እጁ የገባ ሰው ወዲያው ገልብጦ የሚፈልገው ሰማያዊዎቹን የተጠላለፉ ሰይፎች ነው። ይህ ምልክት በ1720ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ሥራ ላይ ከዋለ ወዲህ ግን አስመስሎ ያልሣለው አስመሳይ የለም። ስለዚህ ሰይፎቹ ይቆዩ፤ መጀመሪያ አሠራሩ ይታይ።

የፋብሪካው ቀራጭ ዮሐን ዮአኪም ኬንድለር በ1740 ገደማ የቀረጻቸውን ሃርለኪኖች እንውሰድ። ሃርለኪን የጣሊያን መድረክ ቀልደኛ ነው፤ ልብሱ ባለብዙ ቀለም፣ አንዳንዴም የመጫወቻ ካርታ የተሳለበት። ፋብሪካው በ1710 ሳክሶኒ ውስጥ ሲከፈት የቻይና ሸክላ ምስጢር በአውሮፓ ከተደረሰበት ገና ሁለት ዓመቱ ነበር። (ቡና የምንጠጣበት «ሲኒ» ራሱ ከዓረብኛ የመጣ ነው፤ «የቻይና» ማለት ነው።)

ምስሉ አንድ ወጥ ሆኖ አይወጣም። ሞዴሉ ተቆራርጦ ለጭንቅላቱ፣ ለክንዱ፣ ለእግሩ የየራሱ የጀሶ ቅርጽ ማውጫ ይሠራለታል። ጭቃው በጣት እየተጫነ ይገባል፤ ክፍሎቹ ከወጡ በኋላ ውሃ በበዛበት ጭቃ ይያያዛሉ። ብብቱንና አንገቱን በማጉያ መነጽር ብታዩ መጋጠሚያው በመሣሪያ የተስተካከለበት አሻራ ይገኛል። ከጀርባው የቆመው ጉቶም ለጌጥ ብቻ አይደለም። የመጨረሻው እሳት ወደ 1400 ዲግሪ ይጠጋል፤ በዚያ ሙቀት ጭቃው ይለሰልሳልና ሁለት ቀጭን እግር ብቻውን ቢሸከም ምስሉ ይጎብጣል። ከሥሩ ያለችው ትንሽ ቀዳዳ ደግሞ ውስጥ የታፈነው አየር መውጫ ናት፤ ባትኖር አየሩ ሲሰፋ ግድግዳውን ይሰነጥቃል።

ቁመት ብዙ ይናገራል። ጭቃው ደርቆ ሲተኮስ አንድ ስድስተኛ ያህል ይኮማተራል። 16 ሴንቲሜትር የሆነ ምስል ከምድጃው በፊት 19 ሴንቲሜትር ገደማ ነበር ማለት ነው። አስመሳይ ከተጠናቀቀው ምስል ላይ ጀሶ ቀድቶ ቢሠራ የእሱ ሥራ 13 ተኩል ሴንቲሜትር አካባቢ ይሆናል፤ የጣቱና የዐይኑ ቅርጽም ይደበዝዛል። ሙዚየም ካለው አቻ ጋር ሜትር ይዞ ማነጻጸር ከየትኛውም ምልክት ይሻላል።

ሰይፎቹ ሰማያዊ የሆኑት ኮባልት የተባለው ቀለም የዚያን የመጨረሻ እሳት ኃይል ስለሚችል ነው። የብረት ቀዩና ከወርቅ የሚገኘው ሐምራዊ እዚያ ውስጥ አይተርፉም፤ ከአንጸባራቂው ልባስ በላይ ተቀብተው በዝቅተኛ እሳት ይተኮሳሉ፣ ወርቁም በመጨረሻ። በሰይፎቹ ላይ የተቧጨረ ጭረት ካለ ደግሞ ምስሉ ጉድለት ተገኝቶበት ወይም ሳይቀባ የተሸጠ ሊሆን ስለሚችል፣ ቀለሙ የፋብሪካው ላይሆን ይችላል።

ጥገና በዐልትራቫዮሌት መብራት ይጋለጣል፤ አዲስ የተቀባው ቦታ ከዙሪያው የተለየ ያበራል። ጣትና የባርኔጣ ጫፍ ላይ በተለይ ፈልጉ፤ መጀመሪያ የሚሰበሩት እነሱ ናቸው።

ስትይዙት በክንዱ ወይም በጭንቅላቱ አታንሡት። አንድ እጅ ከመቆሚያው ሥር፣ አንድ እጅ ወገቡ ላይ። የጥጥ ጓንት ያንሸራትታል፤ ናይትራይል የተባለው የላስቲክ ጓንት ይሁን ወይም የታጠበና የደረቀ እጅ። አቧራውን ለስላሳ ብሩሽ ያነሣዋል፣ ጨርቅ ግን ጣቶቹን እየያዘ ይነቅላል። ውሃ ውስጥ መንከር ክልክል ነው፤ የድሮ ሙጫ ከእንስሳ አጥንትና ቆዳ ስለሆነ ይሟሟል፣ ክንዱም ገንዳው ውስጥ ይቀራል።

ከተሰበረ በሱፐር ግሉ አታጣብቁት። ስብርባሪዎቹን እርስ በርስ ሳታፋትጉ ለየብቻ ጠቅልሉ። ጠጋኞች ብዙ ጊዜ ፓራሎይድ ቢ-72 የተባለውን የአክሪሊክ ሙጫ በአሴቶን አሟሙተው ይጠቀማሉ፤ በኋላ መፍታት ስለሚቻል። ጉድለቱ ወደ 40 ዲግሪ ሲደርስ መለስለሱ ነው፤ የሚያግል አምፖል ያለበት የመስታወት ሣጥን ውስጥ የተጠገነ ክንድ ቀስ እያለ ይወርዳል።