ሦስት ወር ከስማርት ካርድ ጋር፦ ከእርሳስና ደብተር እስከ ሰርቨር መግቢያ

ሰላም ለሁላችሁም። ከሰርቨር ጋር የምትውሉ ብዙ ስለሆናችሁ፣ ላለፉት ሦስት ወራት ማታ ማታ ስታገለው የቆየሁትን ነገር ላካፍላችሁ። ከሩቅ ሆኖ ወደ ሰርቨር የሚገባ ሰው «እኔ እገሌ ነኝ» ሲል በስማርት ካርድ፣ ማለትም ራሱ ማስላት የሚችል ትንሽ ቺፕ ባለበት ካርድ፣ እንዴት እንደሚረጋገጥ እየተማርኩ ነው። የጀመርኩት የአንድ ባልደረባዬ ፓስወርድ ተሰርቆ ሁለት ቀን ሙሉ ሰርቨር ስናጸዳ ከቆየን በኋላ ነው። ፓስወርዱ ረጅም ነበር፤ ፊደልም ቁጥርም ምልክትም የተቀላቀለበት። ነገር ግን ኮምፒውተሩ ላይ የተቀመጠ ክፉ ፕሮግራም ልጁ ሲጽፈው ጠብቆ ወሰደው። ርዝመቱ ምንም አልፈየደም።

መጀመሪያ ካርድ አልነበረኝም፤ ስለዚህ በወረቀት ጀመርኩ። ጉዳዩን ላምፖርት የተባለ የኮምፒውተር ሳይንስ ተመራማሪ እ.ኤ.አ. በ1981 አንስቶት ነበር፤ በእሱ ዘዴ ግን ሰርቨሩ የእያንዳንዱን ተጠቃሚ ማረጋገጫ የያዘ ሠንጠረዥ ማስቀመጥ አለበት። ሠንጠረዡን የነካ ሁሉንም ይነካል። ሁዋንግና ሊ የተባሉ የታይዋን ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2000 ሠንጠረዡን ጨርሶ አስቀሩት። ሰርቨሩ አንድ ምስጢራዊ ቁጥር ብቻ ይይዛል። ሰው ሲመዘገብ መለያ ቁጥሩን በምስጢሩ ልክ ደጋግሞ ያባዛና ለአንድ ትልቅ ፕራይም ቁጥር (ከ1ና ከራሱ በቀር ለሌላ ያለ ቀሪ ለማይካፈል) ያካፍላል፤ ቀሪው የሰውየው ፓስወርድ ይሆናል። ካርዱ ሊገባ ሲል ከዚህ ፓስወርድ፣ በዕጣ ከወጣ ቁጥርና ከሰዓቱ መልእክት ይሠራል፤ ሰርቨሩም በምስጢሩ ያጣራል። ሳነበው በጣም ነበር የወደድኩት።

በዚያው ዓመት ቻንና ቼንግ የተባሉ ሌሎች ተመራማሪዎች የዘዴውን ቀዳዳ አሳዩ። ዝም ብዬ ከማምን ብዬ በትንንሽ ቁጥር ደብተር ላይ ሠራሁት፤ እናንተም እርሳስ አንሱና አብራችሁኝ ሥሩ። ፕራይሙ 23፣ የሰርቨሩ ምስጢር 7፣ የእኔ መለያ 5 ይሁን። 5 ሰባት ጊዜ በራሱ ሲባዛ 78,125 ነው፤ ለ23 ሲካፈል 17 ይቀራል። ስለዚህ ፓስወርዴ 17 ነው። አሁን 7ን እንደማላውቅ ሆኜ መለያዬን በራሱ ላባዛ፦ 25፣ ለ23 ሲካፈል ቀሪው 2። ፓስወርዴንም እንዲሁ፦ 289፣ ቀሪው 13። አዲስ መለያ 2፣ አዲስ ፓስወርድ 13። ሰርቨሩ ራሱ ለመለያ 2 ምን ይሰጥ ነበር? 2 ሰባት ጊዜ ሲባዛ 128፤ ለ23 ሲካፈል ቀሪው 13!

ምስጢሩን ሳልነካ፣ ማንም ሳይመዘግበኝ፣ ሁለተኛ ሰው ሆንኩ። ቀጥዬ ከ2 4ን፣ ከ4 16ን እያወጣሁ መሄድ እችላለሁ። እዚህ ቦታ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆምኩ። ዘዴው የሚመሰገንበት ነገር ሠንጠረዥ አለመኖሩ ነው፤ ግን ሠንጠረዥ ስለሌለ «መለያ 2 ተመዝግቧል ወይ?» ተብሎ የሚጠየቅ አካልም የለም። ሰርቨሩ ስሌቱ ከገጠመለት ያስገባል። መለያዎች የታወቀ ቅርጽ እንዲኖራቸው ማስገደድ መንገዱን ያጠብበዋል፤ ቢሆንም ፓስወርድን በመለያ ላይ በዚህ ዓይነት ቀጥተኛ ስሌት መሥራት ከዚያ ወዲህ ያስፈራኛል።

ያንኑ ዘዴ ፓይተን በሚባለው የፕሮግራም ቋንቋ ጽፌ በሁለት ኮምፒውተሮች መካከል ስሞክረው ደግሞ ሌላ ችግር መጣ። አንደኛው አሮጌ ነው፤ የሰዓቱ ባትሪ አልቋል። መብራት ሄዶ ሲመጣ ቀኑ ዓመታት ወደ ኋላ ይመለሳል። የላኩት መልእክት ትክክል ሆኖ ሳለ ሰርቨሩ «ጊዜው ያለፈበት» ብሎ ይጥለዋል። ሰዓቱ የሚላከው የድሮ መልእክት ተቀድቶ እንዳይደገም ነው፤ ነገር ግን ሁለት ሰዓቶች ካልተስማሙ ትክክለኛው ሰው ውጭ ይቀራል። የሚሻለው ሰርቨሩ በየጊዜው አዲስ ቁጥር በዕጣ አውጥቶ መጠየቁ፣ ካርዱም ለዚያ ጥያቄ ብቻ የሚሆን መልስ መስጠቱ ነው። ይህን ሁላችንም ኪሳችን ውስጥ ይዘነው እንዞራለን። ሲም ካርድ ስማርት ካርድ ነው፤ ኔትወርኩ በዕጣ የወጣ ቁጥር ይልክለታል፣ እሱም ውስጡ ባለው ቁልፍ አስልቶ መልሱን ብቻ ይመልሳል። ቁልፉ በአየር ላይ አይሄድም።

በሁለተኛው ወር የአክስቴ ልጅ ከጀርመን ሲመጣ አንድ ኦፕን ፒጂፒ ካርድ (የምስጢር ቁልፎችን ውስጡ የሚይዝ የስማርት ካርድ ዓይነት) እና የዩኤስቢ ማንበቢያ አመጣልኝ። ከካርዱ ጋር መነጋገር የጀመርኩበትን ማታ አልረሳውም። ፒን ለማቅረብ የሚላከው ይህ ነው፦ 00 20 00 82 06 31 32 33 34 35 36። 20 «ፒን አረጋግጥ» ማለት ነው፤ 06 የፒኑ ርዝመት፤ ከ31 እስከ 36 ያሉት ደግሞ ከፋብሪካ የሚመጣው 123456 በአስኪ፣ ማለትም ኮምፒውተር ለእያንዳንዱ ፊደልና አኃዝ በሚሰጠው ኮድ፣ ሲጻፍ ነው። ትክክል ከሆነ 90 00 ይመልሳል።

እኔ ግን መጀመሪያ 01 02 03 እያልኩ ቁጥሮቹን እንዳሉ ላክኋቸው። ካርዱ 69 82 መለሰ፤ አልፈቀድኩም ማለቱ ነው። ፕሮግራሜን ደግሞ ሲከሽፍ እንዲደግም አድርጌ ጽፌው ስለነበር ዓይኔን ሳልጨፍን ሦስቱም ሙከራ አለቀ። ከዚያ 69 83፤ ተቆለፈ። ሲም ካርድ በፒዩኬ እንደሚከፈተው በአስተዳዳሪው ፒን ከፈትኩት። እሱም ሦስት ሙከራ ብቻ ስላለው በእጄ፣ አንድ በአንድ እያየሁ ነው የጻፍኩት። ምክሬ፦ ፒን የሚልክ ኮድ ውስጥ ድጋሚ ሙከራ ፈጽሞ አታስገቡ።

ሌላ ሁለት ማታ የፈጀብኝ ነገር፦ ይህ ካርድ ያው አንዱን ፒን በሁለት በር ይቀበላል። ለፊርማ 81፣ ለመግቢያና ምስጢር ለመፍታት 82። በ81 ከፍቼ 90 00 ካየሁ በኋላ የመግቢያ ስሌት ስጠይቀው 69 82 ይለኝ ነበር። ፒኑ ትክክል፣ በሩ ሌላ።

አሁን በኤስኤስኤች (ከሩቅ ሆኖ ሰርቨር ውስጥ በተመሰጠረ መስመር መግቢያ መንገድ) ወደ መለማመጃ ሰርቨሬ የምገባው በካርዱ ነው። ቁልፉ እዚያው ካርዱ ውስጥ ተፈጠረ፤ ሁለት ግማሽ አለው፦ ምስጢራዊው ካርዱ ውስጥ ሆኖ ይፈርማል፣ ይፋዊው ፊርማውን ያጣራል፤ ሰርቨሩ ጋር ያለው ይፋዊው ግማሽ ብቻ ነው። ካርዱ የሚፈርመው ከዚያች ግንኙነት ጋር የታሰረ መለያ ላይ ስለሆነ፣ ፊርማውን የቀዳ ሰው ለነገ አይጠቅመውም። ይህ እኛ ቢሮ ኖሮ ቢሆን የዚያ ልጅ ፒን ቢሰረቅ እንኳ ያለ ካርዱ ከንቱ ነበር።

ሁሉም ተፈታ ግን አልልም። ሁለት ነገር ሞክሬ አይቻለሁ። ግንኙነቱ ከተከፈተ በኋላ ካርዱን ብነቅለው ግንኙነቱ አልተቋረጠም፤ ካርዱ የሚጠየቀው በር ላይ ብቻ ነው። ካርዱ ተሰክቶ ፒኑ ከገባ በኋላ ደግሞ በስሜ የሚሠራ ሌላ ፕሮግራም እኔን ሳይጠይቅ ሊያስፈርመው ቻለ። ለዚህ ነው አንዳንድ መሣሪያዎች ለእያንዳንዱ ፊርማ በጣት መንካትን የሚጠይቁት፤ የእኔ ካርድ ይህ የለውም። ሥራ ሲያልቅ መንቀል ልማድ አድርጌዋለሁ። ካርዱ ራሱም ቢሆን የማይደፈር ግንብ አይደለም፦ ፖል ኮቸርና ባልደረቦቹ እ.ኤ.አ. በ1999 ካርድ ሲያሰላ የሚወስደውን የኤሌክትሪክ ኃይል እየለኩ ምስጢሩን ማውጣት እንደሚቻል አሳይተዋል። ዛሬ የሚሠሩ ካርዶች ለዚህ መከላከያ ይጨምራሉ፤ በወረቀት ላይ ያለ ዘዴ ሳነብ ግን «ካርዱ ውስጥ ያለው ቢነበብስ?» ብዬ መጠየቅ ጀምሬያለሁ።

የሚቀጥለው ሥራዬ ሁለተኛ ካርድ ነው። ቁልፉ ካርዱ ውስጥ ስለተፈጠረ ቅጂ የለውም፤ ከጠፋ ጠፋ። ሁለተኛው የራሱን ቁልፍ ይፈጥራል፣ ሰርቨሩም ሁለቱን ይፋዊ ቁልፎች ያውቃል፤ አንዱ ካርድ ከቤቴ በር ቁልፍ ጋር፣ ሌላው ቤት ሳጥን ውስጥ ይሆናል። ከእናንተ መካከል ለብዙ ሠራተኛ ካርድ ያደለ ካለ፣ ካርድ ጠፋብኝ ብሎ የሚመጣን ሰው እንዴት እንደምታስተናግዱ ብትጽፉልኝ በጣም ደስ ይለኛል፤ ቢሮ ውስጥ ላቀርበው እያሰብኩ ስለሆነ መጀመሪያ የሚጠይቁኝ እሱን ነው።