ክታቡን ሳንነካ

ድሬ ዛሬም ጋግራናለች። የሕፃናት ክፍላችን ቬንትሌተር ያንኑ ሙቅ አየር ነው የሚያዞረው።

ጠዋት ከገጠር ቀበሌ አንዲት እናት ልጇን ታቅፋ መጣች፤ ሴት አያትየውም አብረዋት። የኔ ሶማሊኛ ከሰላምታ አያልፍም። አስተርጓሚ እስኪገኝ ግን የሳንባ ምች እንዳለበት ለመለየት ትንፋሽ መቁጠር ይቻላል። ሁለት ወር ለሞላውና ዓመት ላልሞላው እንደሱ ላለ ሕፃን በደቂቃ 50ና ከዚያ በላይ ከሆነ ፈጣን ነው። ካለቀሰ ግን ቁጥሩ አይታመንም። ስለዚህ ከእናቱ ጭን አላነሳሁትም። ቁጢጥ አልኩና መጀመሪያ አያትየውን እጄን ደረቴ ላይ አድርጌ ሰላም አልኳቸው። ወንድ ነርስ ስትሆን እጅ ለመጨበጥ አትቸኩልም።

ልጁ አንገት ላይ በቆዳ የተሰፋ ክታብ አለ፤ ደረቱ ላይ ወርዷል። እንዲህ ሲሆን መቀስ የሚያነሳ ባለሙያ አይቻለሁ፤ በጣም ያናድደኛል። ማዳመጫውን አሳየኋቸው፣ ክታቡን ሳልነካ በመዳፌ አመለከትኩና ጠበቅሁ። አያትየው ራሳቸው ወደ ጀርባው አዞሩት። አለቀ።

ትንፋሹ 56 ሆነ። ደረቱ ወደ ውስጥ አይሰረጉድም፤ ደግነቱ ይጠባል። «ማሻአላህ» ስል አያትየው ፊታቸው ፈታ አለ። ሕፃን ዝም ብሎ ማድነቅ እዚህ «ዓይን ይበላዋል» ተብሎ ያስፈራል።

እናትየው ግን ዓይኔን አንዴም አላየችም። ተለማማጅ ተማሪዎቻችን ይህን ሲያዩ «አልገባትም» ይላሉ። አስተርጓሚው መጥቶ ካስረዳት በኋላ አሳይን ስንላት፣ ለሳንባ ምቹ የታዘዘለትን የአሞክሲሲሊን ኪኒን በማንኪያ ውሃ አሟሙታ ጠብታ ሳታፈስ አጠጣችው። ዓይኗ አሁንም መሬት ላይ ነው!

ከሁለት ቀን በኋላ ለክትትል ቀጥረናቸዋል።