ያኛውስ?

ዝናቡ ከቀትር ጀምሮ አላባራም። ሐይቁና ሰማዩ አንድ ቀለም ሆነዋል፤ ዘጌ ያለችበት አቅጣጫ ነጭ መጋረጃ የተጣለበት ይመስላል። እንዲህ ባለ ቀን ቤት ውስጥ መቀመጥ ይከብደኛል፣ ልውጣ ስልም እግሬ እሺ አይለኝም። እጄ ሥራ እንዳይፈታ ብዬ አሮጌውን የሥራ ኮቴን ለአጣቢዋ ላዘጋጅ ኪሶቹን መፈተሽ ጀመርኩ። ከውስጠኛው ኪስ አንድ የተጨማደደ ደረሰኝ፣ የክፍል ቁጥር የተጻፈበት ብጣሽ ወረቀት፣ ከዚያ ደግሞ አንዲት የዘንባባ ቀለበት ወጣች።

የሆሳዕና ናት። እማዬ ከቤተ ክርስቲያን ስትመለስ ዘንባባውን በጥፍሯ ሰንጥቃ፣ አንዱን በሌላው አሳልፋ፣ አናቷ ላይ ትንሽ መስቀል አውጥታ የሠራችልኝ። ያኔ እርጥብ ነበረች፤ ጣቴን ታቀዘቅዘው ነበር። አሁን እንደ ገለባ ቀልላለች። የመስቀሏ አንዱ ክንድ ተሰብሯል። ጣቴ ላይ ላጠልቃት ስሞክር ስንጥቅ አለችና ተውኳት።

ያን ሌሊት በምሠራበት ሆቴል ተረኛ ነበርኩ። እንግዳ የጠፋበት ሰሞን ስለነበር አዳራሹ ውስጥ የነበርነው እኔና ጋሼ ብቻ ነን። ጋሼ በሩን የሚጠብቁት ናቸው። ዘንባባቸውን ግንባራቸው ላይ እንዳሰሩ ጋቢያቸውን ተከናንበው ተቀምጠዋል። ቴሌቪዥኑ ድምፁ ተቀንሶ ጎልፍ ያሳያል።

ጎልፍን የለመድኩት በዚሁ በሌሊት ተራ ነው። የአሜሪካ እሑድ ማምሻ የእኛ ሰኞ ሌሊት ስለሆነ፣ አገር ሁሉ ሲተኛ ያቺ ነጭ ኳስ ትንከባለላለች። በሕይወቴ የጎልፍ ዱላ ጨብጬ አላውቅም። ነገር ግን ስንቱን ሌሊት አብሬው አንግቻለሁ! መጀመሪያ እንቅልፍ ለማባረር ነበር፤ በኋላ የድሮዎቹን ታላላቅ ምቶች እየፈለግኩ በስልኬ ማየት ጀመርኩ፤ ከዚያማ ስለ እያንዳንዱ ምት የተጻፈውን ሳላነብ አላድርም።

የዚያን ዕለት፣ በ2025 (ዓመቶቹን እንደ ፈረንጆቹ ነው የምቆጥረው)፣ ሮሪ ማክልሮይ የሚባለው የሰሜን አየርላንድ ሰው አሜሪካ ውስጥ ኦገስታ በሚባል ሜዳ ላይ ማስተርስ የሚሉትን የጎልፍ ውድድር ዋንጫ እያሳደደ ነበር። ታላላቅ ከሚባሉት አራት ውድድሮች ሦስቱን ወስዶ ይቺ አንዷ ቀርታዋለች። ከአራቱ አንዱን ካሸነፈ 11 ዓመት ሊሞላው ነው። በጎልፍ 18ቱን ጉድጓድ በጥቂት ምት የጨረሰ ነው የሚያሸንፈው። በ2011 እዚያው ሜዳ ላይ በ21 ዓመቱ በ4 ምት እየመራ ገብቶ፣ በመጨረሻው ቀን 80 መትቶ ተንኮታኩቷል። በዚያ ሌሊትም 13ኛው ጉድጓድ ላይ ኳሷን ቀላል ከሚባል ቦታ ወንዝ ውስጥ ጨመራት። እኔ ከመቀመጫዬ ተነሣሁ። ከዚያ 15ኛው ላይ ዛፎች ፊቱ ተደርድረው እያለ ኳሷን በዛፎቹ ጎን አዙሮ፣ እንደ ማጭድ አጥፎ፣ ከጉድጓዱ ሁለት ሜትር ገደማ ላይ አሳረፋት። እንዲህ ያለ ምት በቀጥታ ሲተላለፍ ሳይ የመጀመሪያዬ ነው። ጸጉሬ ቆመ። እዚያው ቀጥሎ ያቺን አጭር ኳስ መሳቱ ደግሞ ሌላ ነገር ነው፤ ጎልፍ ሲባል ሁልጊዜ እንዲህ ነው።

የእኛ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ሲሆን ከጀስቲን ሮዝ ጋር እኩል ሆነው ወደ መለያ ጨዋታ ገቡ። ሮዝ የመጨረሻውን ቀን ሲጀምር በ7 ምት ወደ ኋላ የነበረ ሰው ነው። 66 መትቶ ደረሰበት። በመለያው የመጀመሪያ ጉድጓድ ላይ ማክልሮይ ኳሷን አጠገብ አደረሳት፤ አስገባት፤ ዱላውን ጣለና በጉልበቱ ተንበርክኮ ግንባሩን ሣሩ ላይ ደፋ። ትከሻው ይንቀጠቀጣል።

ጋሼ ቀና አሉና "ይኼ ሰውዬ ምን ሆኖ ነው የሚያለቅሰው?" አሉኝ።

"አሸንፎ ነው ጋሼ።"

ትንሽ አዩት። ከዚያ "ያኛውስ?" አሉ።

ያኛው፣ ሮዝ፣ ቆሞ ይጠብቅ ነበር። ማክልሮይ ከመሬት እስኪነሣ ጠበቀውና አቀፈው። የእኛ ሕማማት ገብቷል፤ በዚያ ሳምንት ሰው ከሰው ጋር አይሳሳምም፣ እጅ አይነሣሣም። ጋሼም ይህን እያሰቡ ይሁን አላውቅም፣ ሲተቃቀፉ ዝም ብለው አዩና "አይ ሰው" ብለው ጋቢያቸውን ሳቡ። ሊነጋጋ ሲል ለስግደት ወጡ። እኔ ግን ያቺ ጥያቄያቸው ቀረችብኝ። ሮዝ በ2017ም እዚያው ሜዳ ላይ በመለያ ጨዋታ ለሰርጂዮ ጋርሲያ ተሸንፏል። ይህን ያወቅኩት በማግስቱ ነው፤ ያኛውን መፈለግ ከጀመርኩ በኋላ።

ከዚያ ወዲህ የድሮዎቹን ምቶች ስመለከት ዓይኔ ከመቺው ላይ ይሸሻል። ለምሳሌ የሁሉ አባት የሚባለውን የጂን ሳራዘንን ምት ውሰዱ። 1935፣ ኦገስታ፣ 15ኛው ጉድጓድ። በ5 ምት እንዲያልቅ የተሰላ ጉድጓድ ነው። ሳራዘን በሁለተኛው ምት፣ ከ215 ሜትር ገደማ፣ በእንጨት ዱላ መታትና ኳሷ ሄዳ ሄዳ ጉድጓዱ ገባች። ሦስት ምት በአንድ ምት መሰረዝ ማለት ነው። ቴሌቪዥን የለም፤ እዚያ ቆሞ ያየው ሕዝብ ጥቂት ነው። በ2025 ማክልሮይ አራቱንም ታላላቅ ውድድሮች ያሸነፈ ስድስተኛ ሰው ሲሆን፣ የመጀመሪያው ያ ሳራዘን ነው፤ ያ ምት ባይኖር አይሆንም ነበር። በመካከላቸው ልክ 90 ዓመት አለ።

ያኛውስ? ያኛው ክሬግ ዉድ ይባላል። ጨዋታውን ጨርሶ በ3 ምት እየመራ ቤት ውስጥ ተቀምጧል። ሰው እንኳን ደስ አለህ እያለው ነው። ከሩቅ ጩኸት ሰምቶ ይሆናል፤ ጩኸቱ የእሱን ሦስት ምት እንደ በላው ግን እንዴት ያውቃል? በማግስቱ 36 ጉድጓድ አጫወቷቸውና ሳራዘን በ5 ምት አሸነፈው። ዉድ በአራቱም ታላላቅ ውድድሮች ላይ በመለያ ጨዋታ የተሸነፈ ሰው ነው። በአራቱም! ስድስት ዓመት ቆይቶ፣ በ1941፣ ማስተርስንም፣ ከአራቱ ሌላውን የአሜሪካ ኦፕንንም በአንድ ዓመት ወሰደ። ይህን ሳነብ ብቻዬን እልል ልል ምንም አልቀረኝም። ነገር ግን ስለ ዉድ 1941 የሚያወራ ሰው የለም፤ ሁሉም የሚያወራው ስለ ሳራዘን 1935 ነው።

በአራቱም በመለያ በመሸነፍ ከዉድ ጋር የሚተካከለው አውስትራሊያዊው ግሬግ ኖርማን ነው። የእሱን ታሪክ ሳስብ ደረቴ ይጠባል። በ1986 ነሐሴ ላይ፣ ሌላ ታላቅ ውድድር የመጨረሻ ጉድጓድ ላይ፣ እኩል ከነበረው ቦብ ትዌይ ጋር ቆሟል። የትዌይ ኳስ አሸዋ ውስጥ ናት። ከአሸዋው መታት፤ ገባች። ስምንት ወር አልፎ ማስተርስ ላይ ኖርማን እንደገና መለያ ገባ። ኳሱ ጉድጓዱ ያለበት ለስላሳ የሣር መደብ ጫፍ ላይ ናት፤ የተጋጣሚው የላሪ ማይዝ ኳስ ግን ከጉድጓዱ ከ40 ሜትር በላይ ርቃ፣ ከመደቡ ውጪ ወድቃለች። ማይዝ የዚያው የኦገስታ ልጅ ነው፤ በልጅነቱ በዚሁ ውድድር ላይ የውጤት ሰሌዳ ይሠራ ነበር። ኳሷን ዝቅ አድርጎ መታት፤ መሬት ላይ ሁለት ሦስት ጊዜ ነጠረች፣ ከዚያ እንደ ውኃ ተንሸራታ ገባች። ማይዝ ወደ ሰማይ ዘለለ። እኔ ቪዲዮውን የማቆመው እዚያ ላይ ነው፤ ማይዝ አየር ላይ እያለ ኖርማን ጥግ ላይ ይታያል። አይነቃነቅም። ገና የራሱ ኳስ ይቀረዋል፤ መምታት አለበት። ሰው እንዲህ ባለ ቅጽበት ዱላ የሚያነሣበትን አቅም ከየት ያመጣዋል?

ከሁሉ የምወደው ተሸናፊ ግን ጃክ ኒክላውስ ነው። በ1972 የአሜሪካ ኦፕን ላይ፣ ፔብል ቢች የሚባል የባሕር ዳርቻ ሜዳ (ባሕሩ እውነተኛ ውቅያኖስ ነው፤ እንደ እኛ ሐይቅን ባሕር ብለው አይጠሩትም)፣ 17ኛው ጉድጓድ ላይ የመታት ኳስ ነጥራ የባንዲራውን ዘንግ መታችና አጠገቡ ቆመች። አሸነፈ። በ1982 ያው ሜዳ፣ ያው 17ኛ ጉድጓድ። ኒክላውስ ጨርሶ ይጠብቃል። እኩል የነበረው ቶም ዋትሰን ኳሱ ረጅም ሣር ውስጥ ገብታበታለች። ዱላ ተሸካሚው አስጠጋት ቢለው "አስጠጋት ነው የምትለኝ? አስገባታለሁ እንጂ" አለው። አስገባትም። በ2 ምት አሸነፈ። ኒክላውስ ወርዶ ጠበቀውና ኮርቼብሃለሁ አለው። አሥር ዓመት ሙሉ የእሱ በነበረ ጉድጓድ ላይ!

በእኛ የገና ጨዋታ እንዲህ የለም። በገና ጨዋታ አይቆጡም ጌታ ይባላል፤ ያሸነፈ የተሸነፈውን በግጥም እየሰደበ ቤቱ ድረስ ይሸኘዋል። ተሸናፊ ምላሽ የለውም፤ መቆጣት ነውር ነው።

ይህን ስጽፍ ነው የአክስቴ ልጅ የመጣብኝ።

አሥራ ሁለት ዓመት ቢሆነን ነው። የታኅሣሥ 29 ከሰዓት በኋላ፣ ሐይቁ ዳር ባለው ግጦሽ መስክ ላይ፣ የላይ ሰፈርና የታች ሰፈር። እሱ የታች ሰፈር ነበር። ጫፏ የቆለመመች ዱላ ነበረችው፤ ሳምንት ሙሉ በቢላ ሲልጋት፣ በእሳት ወዝ ሲያቃናት፣ በቅቤ ሲያሻት የሰነበተች። ከሁላችንም የሚጫወተው እሱ ነው። ሩሯን፣ የገናዋን ኳስ፣ ከደንገሉ ጥግ አንሥቶ ብቻውን መሐል ሜዳ ድረስ ያመጣታል። ፀሐይ ልትጠልቅ ስትል አንዱ ሩሯን ወደ እኔ ገፋት። ፊት ለፊቴ እሱ ነበር። ሌላ ሰው አልነበረም። ዱላዬን አነሣሁና መታሁ።

ሩሯ ጉልበቱ አጠገብ አልፋ፣ ከኋላው ካለው ምልክት ወጥታ፣ ውኃው ዳር ጭቃ ላይ ቆመች። በትከሻ ተሸከሙኝ። እሱን በስሙ ግጥም ገጥመው፣ እየጨፈሩ፣ እስከ ደጃቸው ሸኙት። እኔም አብሬ ጨፍሬአለሁ። እናቱ በር ላይ ቆማ ነበር። እሱ ዱላዋን እንደያዘ ቀስ ብሎ ይሄዳል፤ አይሮጥም፣ አይመልስም። በዓመቱ ገና አልመጣም፤ ዱላዋንም ለታናሹ ሰጣት አሉ።

የዚያ ምት ወሬ ብዙ ዓመት ቆየ። "እንዴት አነጣጥረህ መታሃት?" ሲሉኝ "ክፍተቱን አይቼ ነው" እል ነበር። ደጋግሜ ስላልኩት እኔም አምኜው ኖሬአለሁ። እውነቱ ግን ዱላዬን ሳነሣ ፈርቼ ነበር። ሩሯ ተመልሳ ፊቴን ትመታኛለች ብዬ ዓይኔን ጨፍኜ ነው የመታሁት። ምንም አላየሁም። ጩኸቱን ስሰማ ነው የገለጥኩት፤ መጀመሪያ ያየሁትም የእሱን ፊት ነው።

ፊት ለፊቴ የነበረው እሱ ብቻ ነው። ከእኔ አምስት እርምጃ ቢርቅ ነው። ዓይኔ እንደተጨፈነ አይቷል ማለት ነው። ያን ሁሉ መንገድ ሲዘፈንበት አንድ ቃል ቢናገር፣ "ጨፍኖ ነው የመታው" ቢል፣ ግጥሙ ወደ እኔ ይዞር ነበር። አላለም። እስከ ዛሬም አላለም። አሁን ሩቅ አገር ነው፤ በየበዓሉ ይደውላል፣ ስለ እማዬ ይጠይቃል፣ ስለ ሐይቁ ይጠይቃል፣ ደንገሉ አለ ወይ ይለኛል።

ለእንቁጣጣሽ መደወሉ አይቀርም። አይቶ ነበር? አይቶስ ከሆነ ለምን ዝም አለ?