ሁለት ሳምንት የፈጁብኝ 10 ስፔሶች

ትናንት ማታ ከፓይቶን የላክሁት የሽያጭ ትዕዛዝ ኤስኤፒ (ድርጅቶች ሽያጭና ሒሳባቸውን የሚያስተዳድሩበት ሶፍትዌር) ውስጥ ሙሉ ሆኖ ገባ። ሄደሩ (የትዕዛዙ አጠቃላይ መረጃ)፣ ሦስቱ አይተሞች (የታዘዙት ዕቃዎች)፣ የእያንዳንዱ ማድረሻ ቀን፣ እኛ ራሳችን የጨመርነው ፊልድ ሳይቀር ሁሉም በቦታው ነው። በጣም ደስ አለኝ። እዚህ ለመድረስ ከወር በላይ ፈጅቶብኛል። በዚሁ መንገድ ላይ ያላችሁ ትንሽ እንዲቀላችሁ ብዬ ነው የምጽፈው።

መጀመሪያውን ቶሎ ልለፈው። ኤስዲኬውን (ከኤስኤፒ ጋር የሚያገናኘውን የፕሮግራመር ጥቅል) መጫን፣ ኮኔክሽን መክፈት፣ አንድ ቀላል ፈንክሽን ጠርቶ መልስ ማየት የሁለት ቀን ሥራ ነው። ፓይአርኤፍሲ፣ ማለትም ኤስኤፒን ከፓይቶን የሚጠራው ላይብረሪ፣ ስትራክቸርን (የፊልዶች ስብስብን) በዲክሽነሪ፣ ቴብልን ደግሞ በዲክሽነሪዎች ሊስት ይቀበላል። ፓይቶን ለሚያውቅ ሰው አይከብድም። እኔም ሥራው ያለቀ መስሎኝ ነበር።

ከዚያ የእውነተኛው ትዕዛዝ ዳታ በጄሰን ፎርማት መጣ። እሱ አንዱ በሌላው ውስጥ የገባ ነው፤ ትዕዛዙ ውስጥ አይተም፣ አይተሙ ውስጥ ማድረሻ ቀን። ትዕዛዝ የሚፈጥረው ባፒ (ከውጭ የሚጠራ የኤስኤፒ ፈንክሽን) ግን እንዲህ አድርጎ አይቀበልም። ሄደሩን ለብቻ፣ አይተሞቹን ለብቻ፣ ቀኖቹን ለብቻ፣ ሁሉንም ጠፍጣፋ አድርጎ ነው የሚፈልገው። አይተምን ከቀኑ ጋር የሚያያይዘው የአይተም ቁጥሩ ብቻ ነው። እሱንም ሁሌ በ6 አሃዝ፣ 000010 እያልኩ ነው የምልከው። የደንበኛ ቁጥርም እንዲሁ በ10 አሃዝ ይሞላል። ስክሪን ላይ ስንጽፍ ዜሮዎቹን ሲስተሙ ራሱ ይጨምርልናል፤ በአርኤፍሲ (የኤስኤፒን ፈንክሽን ከውጭ በምንጠራበት መንገድ) ስንልክ ግን አይጨምርልንም።

በዚህ ላይ መንታዎቹ አሉ። ሄደሩም አይተሙም የትኛው ፊልድ እንደተሞላ በኤክስ የሚናገር ጓደኛ ስትራክቸር አላቸው። ትዕዛዝ ስታሻሽሉ ደግሞ ነገሩ ይከብዳል። ኤክስ የሌለው ፊልድ አይነካም። ኤክስ ኖሮት ዋጋው ባዶ ከሆነ ግን የነበረው ይጠፋል። ስለዚህ መንታውን በእጅ መጻፍ ትክክል ነው ብዬ አላምንም። ከዋናው ዲክሽነሪ ቁልፎች በኮድ አውጡት። የአይተም ቁጥሩ ላይ ብቻ ኤክስ ሳይሆን ራሱ ቁጥሩ ነው የሚገባው። እኔ እዚያም ላይ ኤክስ ልኬ ግማሽ ቀን አጥቻለሁ።

አሁን ወደ ዋናው ችግሬ። እኛ የጨመርነው ፊልድ በባፒው መደበኛ ስትራክቸሮች ውስጥ የለም። የሚላከው ኤክስቴንሽን ኢን በሚባለው ቴብል ነው። እያንዳንዱ ረድፍ የስትራክቸር ስም የሚጻፍበት 30 ካራክተር ቦታ፣ ከዚያም እያንዳንዳቸው 240 ካራክተር የሚይዙ 4 የዋጋ ክፍሎች አሉት። ውስጡ የፊልድ ስም የሚባል ነገር የለም። ዋጋው የማን እንደሆነ የሚታወቀው በተቀመጠበት ቦታ ብቻ ነው። ለሄደሩ የመጀመሪያዎቹ 10 ካራክተሮች የትዕዛዝ ቁጥሩ ናቸው፤ የእኛ ፊልድ ከዚያ በኋላ ይመጣል። አዲስ ትዕዛዝ ገና ቁጥር ስለሌለው 10 ስፔስ መተው አለበት።

እኔም ተውኩ። ላክሁት። የትዕዛዝ ቁጥር ተመለሰ፣ ኤረር የለም፣ ፊልዱ ግን ባዶ። ያንኑ ዋጋ የኤስኤፒ ፈንክሽን መሞከሪያ ስክሪን በሆነው ኤስኢ37 ላይ በእጅ ስሞላው ይሠራል። ዩኒኮዱን ጠረጠርኩ። ላይብረሪውን ጠረጠርኩ። ከመላኬ በፊት ዲክሽነሪውን ፕሪንት ሳደርገው ስፔሶቹ አሉ። ሁለት ሳምንት እንዲህ አለፈ። ጥሩ እንቅልፍ እንኳን አልነበረኝም።

በመጨረሻ አባፕ (የኤስኤፒ ፕሮግራሚንግ ቋንቋ) የሚጽፍ ባልደረባዬ ባፒው ላይ ብሬክፖይንት (ኮዱን መሃል ላይ የሚያስቆም ምልክት) አደረገልኝ። «የላክኸው ዋጋ የትዕዛዝ ቁጥሩ ቦታ ላይ ነው የተቀመጠው» አለኝ። ያኔ ገባኝ። ከወር በፊት የዳታውን ዛፍ በሙሉ እየዞረ ስትሪንጎችን ስትሪፕ የሚያደርግ (ዳርና ዳር ያለውን ስፔስ የሚቆርጥ) ማጽጃ ፈንክሽን ጽፌ ነበር፤ በጣም የምወደው ፈንክሽን ነበር። 10ሩን ስፔስ የሚበላው እሱ ነው። ኤክስቴንሽን ኢን ውስጥ ያለውን የመንታውን ረድፍ ስፔሶችም በልቶ ኤክሱን ወደ ግራ ስቦታል። ባፒውም ፊልዱ ላይ ኤክስ ስላላገኘ ዝም ብሎ አለፈው። ፕሪንት የማደርገው ደግሞ ከማጽጃው በፊት ነበር።

ስለዚህ ዛፉን በሙሉ እየዞረ የሚያጸዳ ፈንክሽን ከዚህ በኋላ አልጽፍም፤ እናንተም ባትጽፉ እመክራለሁ። ዳታው ሲገባ፣ ፊልድ በፊልድ አጽዱት። ፕሪንቱንም ከጥሪው በፊት ባለው የመጨረሻ መስመር ላይ አድርጉት።

አንድ መሣሪያ ደግሞ ላመስግን። ፓይአርኤፍሲ የፈንክሽኑን መግለጫ የሚያወጣ ጥሪ አለው። ፓራሜትሮቹን፣ የውስጥ ፊልዶቹን፣ ዓይነትና ርዝመታቸውን ሁሉ ይሰጣል። እኔ አሁን ከመላኬ በፊት ዲክሽነሪዬን ከሱ ጋር አመሳክራለሁ። የኤክስቴንሽኑን ስትራክቸር ግን አያሳይም፤ እሱን የኤስኤፒ ዳታ መዝገበ ቃላት በሆነው ኤስኢ11 ላይ ነው የማየው።

ኮሚቱን፣ ማለትም ትዕዛዙን በቋሚነት የሚያስቀምጠውን ጥሪ፣ አትርሱ። ሪተርን ቴብሉ ላይ ኢ (ስህተት) ወይም ኤ (መቋረጥ) ዓይነት መልእክት እንደሌለ አይታችሁ፣ በዚያው ኮኔክሽን ላይ ጥሩት። እኔ በሌላ ኮኔክሽን ጠርቼው ትዕዛዙ የት እንደገባ ስፈልግ ውያለሁ።

አሁን የቀረኝ አይተም ላይ ያለው የቁጥር ፊልድ ነው። ፓክድ ቁጥር (በባይት ተጨምቆ የሚቀመጥ ቁጥር) በዚያ የኤክስቴንሽን ኢን የጽሑፍ ቦታ ውስጥ እንዲሁ አይገባም። በካራክተር ፊልድ ልኬ እዚያ ኤስኤፒ ውስጥ ልቀይረው አስቤያለሁ። የሠራችሁት ካላችሁ እንዴት እንዳደረጋችሁት ጻፉልኝ።