ከጓዳ የሚሰማ ድምፅ

ዛሬ ሆፕኪንተን ደርሼ መጣሁ። የቦስተን ማራቶን የሚነሳባት ትንሽ ከተማ ናት፤ ከምኖርበት ከካምብሪጅ በመኪና ብዙም አትርቅም። ሩጫው ገና ነው፣ መንገዱም ጭር ብሏል። የሄድኩት ከመነሻው አጠገብ የቆመውን የአባትና የልጅ ሐውልት ለማየት ነበር።

ዲክ ሆይትና ልጁ ሪክ። ሪክ በ1962 ሲወለድ እትብቱ አንገቱ ላይ ተጠምጥሞ አንጎሉ አየር አጣ። እጅ እግሩ አልታዘዝ አለ፣ አንደበቱም ሳይፈታ ቀረ። ሐኪሞቹ ማሳደጊያ ተቋም አስገቡት ቢሏቸውም ወላጆቹ እምቢ ብለው ይዘውት ቤታቸው ገቡ። በ1972 የተፍትስ ዩኒቨርሲቲ መሐንዲሶች መነጋገሪያ ኮምፒውተር ሠሩለት፤ ፊደሎቹ ተራ በተራ እየበሩ ሲያልፉ የፈለገው ላይ ሲደርስ በጭንቅላቱ መጫኛውን ይነካል። የቤቱ ሰው መጀመሪያ «እማዬ» ይላል ወይስ «አባዬ» እያለ ሲጠብቅ ልጁ የቦስተንን የሆኪ ቡድን ደገፈ፤ «በርቱ ብሩይንስ!» አለ። ይህን ባነበብኩ ቁጥር ብቻዬን እስቃለሁ። አሥር ዓመት ሙሉ ዝም ብሎ ሲከታተል የኖረው ሆኪ ነበር ማለት ነው።

በ1977 ደግሞ በአደጋ ሽባ ለሆነ የኮሌጅ ተጫዋች መርጃ የሚሆን የስምንት ኪሎ ሜትር ሩጫ ተዘጋጀ። አባዬ፣ እንሩጥ ያለው ሪክ ነው። አባቱ ሯጭ አልነበረም። ወንበሩን እየገፋ ከመጨረሻው ሁለተኛ ሆኖ ገባ። ማታ ሪክ ስሮጥ አካል ጉዳተኛ እንደሆንኩ አይሰማኝም ብሎ ጻፈለት። ከዚያ በኋላ ልጁ ትምህርት ቤት በሚውልበት ቀን አባትየው ወንበሩ ላይ የሲሚንቶ ከረጢት ጭኖ እየገፋ ይለማመድ ነበር። ሰው ስለነሱ ሲያወራ ሪክ ያለበትን ጀልባ በገመድ ከወገቡ አስሮ ስለዋኘበት፣ አይረንማን ስለሚባለው የዋና፣ የብስክሌትና የሩጫ ውድድር ነው የሚያነሳው፤ እኔን የሚይዘኝ ያ ሲሚንቶ ነው። ማንም ሳያይ፣ ማንም ሳያጨበጭብ።

በቦስተን ብቻ 32 ጊዜ ሮጠዋል። በ2013 ሌሊሳ ዴሲሳ ያሸነፈ ዕለት ባንዲራ ይዤ መንገድ ዳር ቆሜ ነበር። ሌሊሳ ሲያልፍ ጮኼ፣ ጉሮሮዬ ደርቆ ቤቴ ገባሁ። አባትና ልጁ ገና ከኋላ እየመጡ ነበር፤ አልጠበቅኳቸውም። የሩጫው መጨረሻ ላይ ቦምብ ሲፈነዳ ሳይጨርሱ ቀሩ፤ በዓመቱ ተመልሰው ጨረሱ። ዲክ በ2021፣ ሪክ በ2023 አረፉ።

ታናሽ ወንድሜም እንደ ሪክ ነበር። እማዬ አዝላው ያልወጣችበት ጸበል የለም፤ ከከበዳትም በኋላ አዝላዋለች። እንግዳ ሲመጣ ግን ጓዳ ይገባል። ስላልወደደችው አይደለም፣ «ምን በድላ ይሆን» የሚለውን የጎረቤት አፍ ስለፈራች ነው። ራበህ? ጠማህ? በረደህ? ብለን ጠይቀነዋል፤ ዓይኑን ወደ ላይ ካደረገ አዎ ማለቱ ነው። ከነዚህ ከሦስቱ ሌላ ጥያቄ የጠየቀው ሰው ትዝ አይለኝም። እኔም ጭምር።

በ1992 የሆይት አባትና ልጅ በብስክሌትና በሩጫ አሜሪካን ከዳር እስከ ዳር በ45 ቀን አቋረጡ። በዚያው ዓመት ክረምት፣ ደራርቱ ባርሴሎና የሮጠች ማታ፣ ቤታችን ጎረቤት ሁሉ ሬዲዮ ከቦ ተቀምጦ ነበር። ወንድሜ ድንገት መጮህ ጀመረ። ጫጫታው አስደንግጦት ነው አልን። ድምፁ ዘገባውን እንዳይውጥብን ተሸክሜ ጓዳ አስገባሁትና በሩን ገርበብ አድርጌ ለመጨረሻው ዙር ሮጬ ተመለስኩ።

ደራርቱ ስትገባ ቤቱ በእልልታ ተናጋ። እልልታው ሲበርድ ከጓዳ የሱ ድምፅ ገና ይሰማ ነበር።