አያቴና ቀይ እስክሪብቶዋ

የሉተር ትንሹ ካቴኪዝም፣ ማለትም በጥያቄና መልስ የተዘጋጀው የእምነት መማሪያ መጽሐፍ፣ ከእያንዳንዱ ትእዛዝ በኋላ «ይህ ምን ማለት ነው?» ብሎ ይጠይቃል። አያቴም በዚሁ ጥያቄ የሒሳብ ውጤቴን ይዛ ትመጣብኝ ነበር። መልስ አልነበረኝም።

የሉተርን ትምህርት የምትከተለው ቤተ ክርስቲያናችን መካነ ኢየሱስ በ1951 ዓ.ም. እንደ አገር አቀፍ ቤተ ክርስቲያን ስትቋቋም አያቴ ወጣት መምህርት ነበረች። በ1969 ዓ.ም. ደርግ የሉተራውያኑን ጣቢያ ብሥራተ ወንጌል ራዲዮን ሲወርስ ራዲዮኗን በጨርቅ ሸፍና ለረጅም ጊዜ አልከፈተችውም። የመካነ ኢየሱስ ዋና ጸሐፊ ቄስ ጉዲና ቱምሳ በሐምሌ 1971 ዓ.ም. ታፍነው በተወሰዱ ማግስት ደግሞ ልጆቿን ሰብስባ ቀኑን ሙሉ መዝሙር አስጠናቻቸው ይባላል። (ቀኑን ሙሉ የሚለው በቤተሰባችን የተጨመረ ይመስለኛል፤ ማጋነን እንወዳለን።) ስታርፍ ንፍሮውን ቀቅለው ያመጡት ኦርቶዶክስ ጎረቤቶቻችን ናቸው። «ተዝካሯ መቼ ነው?» ሲሉን፣ እኛ ተዝካር አናወጣምና አባቴ ምን እንደሚመልስ ጠፋው።

ዛሬ ከአምልኮ በኋላ አምስት ኪሎ ላይ አንድ አዛውንት አስቆሙኝ። ፊደል ያስቆጠረቻቸው እርሷ ናት። አድገው ሥራ ከያዙ በኋላ የሠርጋቸውን መጥሪያ ወረቀት ሰጥተዋት ነበር፤ ሠርጉ ላይ ተገኘች፣ መጥሪያውንም በቀይ እስክሪብቶ አርማ መለሰችላቸው። «አራት ስህተት አገኘችብኝ» አሉኝ እየሳቁ፣ «አንዱ የሙሽራዋ ስም ነበር!»